ለጊዜው የተዋስኩት ድንጋይ

ኦልሾቭካ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1958

ለተከበሩ ወይዘሮ ሄድቪግ ክላይነርት፤

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። እርስዎ የሉተር ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነዎት፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ይህ ሰላምታ ግን ለሁለታችንም ይበቃል ብዬ በእሱ ጀመርኩ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በገና ሰሞን ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ መልስ መስጠቴ አሳፍሮኛል። መዘግየቱ የፖስታ ቤቱም ጥፋት አለበት። በፖስታው ላይ የከተማችንን የድሮ ስም ስለጻፉ በመስኮቱ ያለችው ልጅ «እንዲህ የሚባል አገር የለም» ብላ ልትመልሰው ነበር አሉ። ሽማግሌው ፖስተኛ ነው «አለ እንጂ፤ ቆመሽበታል» ያላት። የቀረው ጥፋት የኔ ነው። ጀርመንኛ የተማርኩት በኦስትሪያው ንጉሥ ጊዜ አራት ዓመት በትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊት ነው። «ወደ ግራ ዙር» እና «ጫማህን ጥረግ» ማለት አይቸግረኝም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ስጽፍ ሁለት እቀድዳለሁ።

አዎን፣ ላሟን ይዞ የመጣው ሰውዬ እኔ ነኝ። ቴዎፊል ኩሊክ። በሴፕቴምበር 1945 አገራችን ለሩሲያ ሲሰጥ ከምሥራቅ ከባለቤቴ ከሮዛሊያ ጋር በባቡር መጥተን፣ የቤትዎን የፊት ሁለት ክፍል በወረቀት የተሰጠን። እርስዎ ከኋላ ባለችው ክፍል ቀሩ። በጁላይ ወደ ጀርመን እስኪወስዷችሁ ድረስ አሥር ወር በአንድ ጣሪያ ኖርን። ላሟ ሞታለች።

ሮዛሊያም ሞታለች። ፌብሩዋሪ 1947፣ በሳንባ ምች፣ እናንተ በሄዳችሁ በሰባተኛው ወር። ስለ እሷ ስለጠየቁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለታችሁ በአንድ ምድጃ ላይ፣ አንዷ በጀርመንኛ አንዷ በፖላንድኛ፣ ስለ አንዲት የድስት ክዳን ስትነታረኩ አሁንም ይሰማኛል። በኋላ ላይ አንዷ በሌላዋ ሾርባ ላይ ሳታስፈቅድ ጨው ትጨምር ጀመር። ያን ቀን ለሮዛሊያ «ታረቃችሁ ማለት ነው» ስላት «አርፈህ ብላ» ነበር ያለችኝ።

ቤቱ ቆሟል። በሰሜን በኩል ጣሪያው ያፈሳል። ለምን አልጠገኑትም ካሉኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፦ ለጊዜው ነበር የተቀመጥነው። ሁላችንም። በየጸደዩ አንድ ሰው ከገበያ መጥቶ «ጦርነት ሊነሳ ነው፣ ወደ አገራችን ልንመለስ ነው» ይላል፤ እኛም ሻንጣችንን ከአልጋ ሥር ሳንፈታ እንተወዋለን። ጎረቤቴን አንድ ቀን የፖም ችግኝ ልስጥህ ስለው «ለማን ልተክል ነው፣ ለሩሲያ?» ብሎ ስቆብኛል። የከተማው ስም እንኳ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተለውጧል። መጀመሪያ የባቡር ሠራተኞች አንዱን ስም ቀቡ፣ ቄሱ ሌላ ሰጡት፣ በመጨረሻ ከዋርሶ የአሁኑ በደብዳቤ መጣ።

ፊት ለፊት ያለውን የጋጋሪውን የሾልትስን ቤት ጠይቀዋል። ሾልትስ ከናንተ ጋር እንደሄደ ሜንደል የሚባል አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ከእኅቱ ጋር ከሩሲያ መጥቶ ገባ። ከዘመዶቻቸው የተረፉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጥሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ የምለብሰው ካፖርት የሜንደል ስፌት ነው። አምና አንድ ሰው መስኮታቸውን በድንጋይ ሰበረው። በሦስተኛው ወር ወደ ፍልስጤም ምድር ሄዱ። አሁን ኪርያኮስ የሚባል ግሪካዊ ከነቤተሰቡ አለ፤ እነሱም ከአገራቸው ጦርነት ሸሽተው የመጡ ናቸው። በላይኛው ሰፈር ደግሞ ወታደር በ1947 ከተራራው አፍሶ ያመጣቸው የምሥራቅ ሥርዓት ክርስቲያኖች አሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ከኋላ ቆመው በለሆሳስ በቋንቋቸው ይጸልያሉ። እዚህ ከተማ ውስጥ ወዶ የመጣ ሰው ብፈልግ የማገኘው የእንስሳት ሐኪሙን ብቻ ነው፤ እሱም ሚስቱን ሸሽቶ ነው ይላሉ።

ስለ ትንሿ ልጅዎ ስለ ኡርዙላ መቃብር የጠየቁኝን አልዘለልኩትም፤ ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ነው። እሑድ እሑድ ወደዚያ ሲሄዱ በመስኮት አይዎት ነበር። እኔ ግን በእናንተ መቃብር ቦታ ገብቼ አላውቅም። ምን እንደሚመስል፣ የት ላይ እንደሆነ ይጻፉልኝና ሄጄ አያለሁ። ይህን ማድረግ አያቅተኝም።

በአክብሮት፣
ቴዎፊል ኩሊክ


ሴለ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሜይ 9 ቀን 1958

የተከበሩ አቶ ቴዎፊል፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጀርመንኛዎ ይገባኛል፤ አይቅደዱ። ሮዛሊያን አልቅሼላታለሁ። ያቺን የድስት ክዳን ይዤ ነው የወጣሁት፤ ሃያ ኪሎ ብቻ ያዙ ሲሉን ለምን እሷን እንደመረጥኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የጠየቁኝን ልንገርዎ። ከበሩ ሲገቡ የውሃ ፓምፕ አለ። ከፓምፑ ወደ ግንቡ አሥራ አንድ እርምጃ፣ በውሃ የተሞላ ባልዲ ይዛ የምትሄድ ሴት እርምጃ። ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ለሕፃን ከሚሆነው ይበልጣል። ባለቤቴ ራይንሆልት ትልቅ ይሁን ያለው ከሥሯ የእኔና የእሱ ስም እንዲጻፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ከላይ «ኡርዙላ፣ 1932–1938» ይላል፤ ከሥር ባዶ ነው። ራይንሆልት ሩሲያ ውስጥ ቀረ፤ የት እንደሆነ አልነገሩኝም። ስለዚህ ከሦስታችን መቃብሯ የሚታወቀው የእሷ ብቻ ነው።

ሌላ ምልክት ደግሞ፦ በስተቀኝ ከላይ ማዕዘኑ ተሰብሯል፤ በሾርባ ማንኪያ የተዛቀ ይመስላል። ከጋሪ ሲያወርዱት ነው። ራይንሆልት ካልተለወጠ ብሎ ተቆጣ፤ እኔ ነኝ ይሁን ያልኩት። ልጅቷም የፊት ጥርሷ ጎዶሎ ነበር።

የተቀበረችው በአዲስ ጫማዋ ነው። ለትምህርት ቤት የተገዛ ቡናማ ጫማ፣ ሁለት ቀን ያደረገችው። ይህን የምጽፍልዎ ለማንም ስላልነገርኩ ነው።

ሄደው ቆሞ እንዳለ ብቻ ይንገሩኝ። ሌላ አልጠይቅም።

ሄድቪግ ክላይነርት


ኦልሾቭካ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1958

ለተከበሩ ወይዘሮ ሄድቪግ፤

ስሙ ይመስገን። ጤናዎ እንዴት ነው? ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስድስት ወር ዝም ማለቴ ከሕመም አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በሁለተኛውም ደብዳቤዎ ጠይቀውኛል፤ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ። ፓምፑ የለም፤ ለብረቱ ሲሉ ነቅለውታል። ግንቡም የለም። ጡቡ ዋርሶን መልሶ ለመሥራት በባቡር ተጭኖ ሄዷል፤ ከከተማችን ግማሹ ጡብ እንደዚያው ነው የሄደው። መሬቱን እሾኽ ይዞታል። ብዙ ድንጋዮች በቦታቸው የሉም። የኡርዙላንም በቦታው አላየሁትም።

በቅዱሳን ሁሉ በዓል ለኡርዙላ ሻማ አብርቼላታለሁ። ይህ እውነት ነው።

ዘንድሮ የጓሮው የፒር ዛፍ ክፉኛ አፈራ። ቅርንጫፉ እንዳይሰበር በሦስት ቦታ ደገፍኩት። ለኪርያኮስ ሚስት ሁለት ቅርጫት ሰጥቻት በማር ቀቅላ አመጣችልኝ። እርስዎ እንዳሉት በምድር ቤት በገለባ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ እስከ ፌብሩዋሪ ይቆያል ያሉት አምናም ልክ ሆኗል።

ስለ ድንጋዩ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ቴዎፊል


ኦልሾቭካ፣ ጁን 2 ቀን 1963

ለተከበሩ ወይዘሮ ሄድቪግ፤

ቪዛ መከልከልዎን ሳነብ አዘንኩ ብዬ ልጀምር ነበር። ቀደድኩት። እውነቱን ልጻፍ፦ መጀመሪያ ልቤ ቀለለኝ፤ ቀጥሎ በልቤ መቅለል አፈርኩ። ለምን እንደሆነ አሁን አይጠይቁኝ። አንድ ቀን እንደምነግርዎት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ለራሴ የገባሁትን ቃል ስንቴ እንዳፈረስኩ ግን እግዚአብሔር ያውቃል።

ጣሪያውን ጠግነዋል ወይ ላሉኝ፦ አምና ጠገንኩት። ኪርያኮስ ከላይ ሆኖ ሚስማር እየመታ «አባባ ቴዎፊል፣ ጠብቅ ተብለህ የተቀመጥክ እንግዳ ትመስለኝ ነበር፤ ለካ የቤቱ ሰው ነህ» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። «እኔማ በሚቀጥለው ዓመት አገሬ ነኝ» አለ። አሥራ አራተኛ ዓመቱ ነው። ሳቅሁበት፤ ከሳቅሁ በኋላ ግን የራሴን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥቼ ፈታሁት። ውስጡ የአባቴ ቤት የበር ቁልፍና የሮዛሊያ የክረምት ካልሲዎች ነበሩ። ካልሲዎቹን ብል በልቷቸዋል።

እዚሁ ተወልደው እዚሁ የሚያገቡ ልጆች ደርሰዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሙሽራ «አገርህ የት ነው?» ስለው «የትም አይደል፣ እዚህ ነዋ» አለኝ፤ እንደ ጅል አየኝ። ከኛ በፊት ማን እንደነበረ ቢጠየቁ «ጀርመኖች» ይላሉ፤ ከዚያ የሚበልጥ አያውቁም። ሜንደልን የሚያስታውሰው እኔና ካፖርቴ ነን።

የኡርዙላን ሻማ አላቋረጥኩም።

ቴዎፊል


ኦልሾቭካ፣ ኦገስት 5 ቀን 1970

ለተከበሩ ወይዘሮ ሄድቪግ፤

ሰላምታዬን አጭር ያደረግኩት ጊዜ ስለሌለ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የእናንተ መቃብር ቦታ ይዘጋል። መሬቱ ተደልድሎ መናፈሻ ይሆናል። ዘመድ ያለው ሰው እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ፈቃድ አውጥቶ አስከሬን ወደ ከተማው መቃብር ማዛወር ይችላል። ከዚያ በኋላ ትራክተር ይገባል።

ወዲያው ሄድኩ። የጽሕፈት ቤቷ ልጅ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀበለችኝ።

«ሟቿ ዘመድዎ ናት፣ አያቴ?»
«አይደለችም።»
«ታዲያ ምንዎ ናት?»
«የቤቴ ባለቤት ልጅ ናት።»
«የሚኖሩበት ቤት የመንግሥት ነው።»
«እሱንስ አውቃለሁ፣ ልጄ።»
«እንግዲህ የእናትየውን ውክልና ያምጡ፤ ቦታውንም ያሳዩን። እኛ እየዞርን አንቆፍርም።»

ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጥታኛለች። ውክልናውን በአስቸኳይ ይላኩልኝ። ቄሳችንን ጠይቄያለሁ፤ ሉተራዊት ብትሆንም በእኛ መቃብር ቦታ ይሰጣታል። ከሮዛሊያ አጠገብ፣ ለእኔ ተብሎ የተያዘውን።

ቴዎፊል


ሴለ፣ ኦገስት 24 ቀን 1970

የተከበሩ አቶ ቴዎፊል፤

ውክልናው፣ በፍርድ ቤት የተረጋገጠው፣ ከዚህ ጋር አለ። ቪዛ እንደገና ጠይቄያለሁ፤ እስከ ኦክቶበር አይደርስም ብለውኛል።

ቦታዎን ለእሷ ስለሰጡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ድንጋዮቹ በቦታቸው የሉም ብለው የጻፉልኝ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። «ስለ ድንጋዩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ» አሉ፤ አልጻፉም። ስጠይቅዎት ስለ ፒር መለሱልኝ። አሁን ቦታውን አሳዩን ካሉ፣ ድንጋይ ከሌለ በምን ያሳያሉ? ድንጋዩ የት ነው? ማን ወሰደው? የወሰደው ሰው በሕይወት ካለ ከየት እንዳነሳው ይናገር። ያን ሰው ያግኙልኝ።

ሄድቪግ


ኦልሾቭካ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1970

ለተከበሩ ወይዘሮ ሄድቪግ፤

ሰውየውን አግኝቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ነው።

ሮዛሊያ የሞተች ጊዜ መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ መቃብሯን ለመቆፈር ሁለት ቀን እሳት አነደድንበት። የእንጨት መስቀል ተከልኩላት። በማግስቱ አልነበረም፤ ያን ክረምት ሰው የማያነደው እንጨት አልነበረም። ሌላ ተከልኩ፤ እሱም ሄደ። ሲልቬስተር የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበረን፤ ከእኛ ጋር በአንድ ባቡር የመጣ። እሱን ለመንኩት። «አዲስ ድንጋይ ከየት ላምጣ?» አለ። «ከጀርመኖቹ ነው የምናመጣው። ሁሉም እንዲያ እያደረገ ነው፤ ዓቃቤ መቃብሩም ለሚስቱ አድርጓል። ድንጋይ ቋንቋ የለውም፣ ቴዎፊል። ገልብጠህ በጀርባው ስትጽፍበት ፖላንድኛ ይናገራል።»

እኔም ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ለጊዜው ነው። በበጋ ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ ስንመለስ የሮዛሊያን አጥንት ይዤ እሄዳለሁ፤ ድንጋዩን በቦታው እመልሳለሁ። የተዋስኩት ነው እንጂ የሰረቅኩት አይደለም። ከምሥራቅ የመጣን ሰዎች ያን ጊዜ የምናስበው እንዲህ ነበር። በሰው አልጋ ተኝተን፣ በሰው ሳህን በልተን፣ ሁሉን «ለጊዜው» እንል ነበር። ያቺ ቃል ስንት ኃጢአት እንደተሸከመችልኝ አሁን ነው የማየው።

ሲልቬስተር ከየት እንዳነሳው ሊነግረኝ አፉን ከፈተ። «አትንገረኝ» አልኩት። የማን እንደሆነ ካላወቅኩ የማንም አይደለም ብዬ ነው። ሌላውን ሁሉ፣ ወይዘሮ ሄድቪግ፣ በቸገረኝ ጊዜ ያደረግኩት ነው ልል እችላለሁ። ያቺን «አትንገረኝ» ግን ችግር አላስባለኝም። የኔው ናት።

የሮዛሊያ መቃብር ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ነው። ድንጋዩ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ስለቆመ ጀርባው አይታይም። የ1958ቱ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ስለ ስብራቱ አነበብኩ። የሮዛሊያ ድንጋይ እንዲያ ያለ ስብራት አለው፤ አሥራ አንድ ዓመት ስጸልይ ባርኔጣዬን የማንጠለጥለው እሱ ላይ ነው። እርስዎ በስተቀኝ ነው ብለዋል፣ የኔው በስተግራ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ሌላ ነው ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። የተገለበጠ ድንጋይ ቀኙ ግራ ይሆናል።

ሄድኩና በግድግዳውና በድንጋዩ መካከል እጄን አስገባሁ። ጣቴ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሙሱን ፈቀፈቅኩት። «ኡ» አገኘሁ። «ር» አገኘሁ። ከዚያ በላይ አላነበብኩም፤ ግን ሁሉንም አንብቤያለሁ።

ለቄሱ ተናዘዝኩ። «ሙታን ስለ ድንጋይ አይጣሉም፣ ልጄ፤ ለሕያዋን ተጠንቀቅ» ብለው ቀላል ንስሐ ሰጡኝ። ንስሐውን ፈጽሜያለሁ። ለእርስዎ መንገር ግን ንስሐው ውስጥ ስላልነበረ ቀላሉን ይዤ ከባዱን ተውኩት። በየዓመቱ ሁለት ሻማ፣ አንዱን በፊት አንዱን በጀርባ አበራለሁ። ሻማ አብርቼላታለሁ ያልኩዎ ይህንኑ ነው። አልዋሸሁም፤ እንዳልዋሽ ግን ቃሉን መርጬ ነው የጻፍኩት፤ ይህ ከመዋሸት በምን እንደሚሻል እያሰብኩ አረጀሁ።

ከየት እንዳነሳው የሚያውቀው ሲልቬስተር ብቻ ነበር። ደብዳቤዎ ከመድረሱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ሞተ። አትንገረኝ ብዬው ነበር፤ እሺ አለኝ።

አሁን ቦታውን ለማሳየት ያለኝ የእርስዎ እርምጃ ብቻ ነው። ፓምፑ የነበረበትን እየፈለግኩ ነው።

ቴዎፊል ኩሊክ


ሴለ፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1970

አቶ ቴዎፊል፤

ስለ ጫማዋ ነገርኩዎት። ለእኅቴ ያልነገርኩትን ለእርስዎ ነገርኩ፤ ያንኑ ደብዳቤ አንብበው አወቁ። አሥራ ሁለት ዓመት ያውቁ ነበር። በ1958 ነግረውኝ ቢሆን ምናልባት የሲልቬስተር ረዳት፣ ምናልባት ጋሪ የነዳው ሰው በሕይወት ይገኝ ነበር። አሁን ማን አለ?

ስለ እግዚአብሔርም ስለ ንስሐም አይጻፉልኝ።

ድንጋዩ ለሮዛሊያ ይሁን፤ እንዳይነኩት። ሮዛሊያን እወዳት ነበር። ይህን ስል እርስዎን ይቅር ብያለሁ ማለቴ አይደለም።

ፓምፑ ከበሩ በስተግራ፣ ከሁለተኛው የሊንደን ዛፍ ትይዩ ነበር። ዛፎቹ ካሉ ከዚያ ይነሱ። ከፓምፑ ፊትዎን ወደ ወንዙ አዙረው አሥራ አንድ እርምጃ። የሴት እርምጃ ነው፤ ሴት ያራምዱ።

እሷን ብቻ ያግኙልኝ። ካገኙ ይጻፉ። ካላገኙም ይጻፉ።

ሄ. ክላይነርት


ኦልሾቭካ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1970

ለተከበሩ ወይዘሮ ሄድቪግ፤

አላገኘኋትም።

መልሱ ይህ ነው፤ የቀረውን ማንበብ ካልፈለጉ እዚህ ላይ ሊያቆሙ ይችላሉ። እርስዎ ግን የሆነውን ማወቅ የሚፈልጉ ሰው ስለሆኑ እጽፋለሁ።

ሊንደኖቹ ተቆርጠዋል፤ ጉቶአቸው ግን አለ። ሁለት ሳይሆን አምስት ጉቶ አገኘሁ። ሁለተኛው የትኛው እንደሆነ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ስለማላውቅ ሁለት ቦታ ምልክት አደረግኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ሐሙስ ዕለት ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ፈቀደልኝ። የጽሕፈት ቤቷ ልጅ «ለሌላው ሁለት ሰዓት ነው የምንሰጠው» ብላ ነው ግማሽ ቀን ያደረገችው። ኪርያኮስ አካፋውን ይዞ መጣ፤ ሚስቱም ለእርምጃው መጣች። ባልዲ በውሃ ሞልተን አስያዝናትና ከሁለቱም ቦታ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተራመደች። «ረጅም ሴት ነበሩ ወይስ አጭር?» ብላ ጠየቀችኝ። አሥር ወር አብሬዎት ኖሬ መመለስ አቃተኝ። ከሮዛሊያ ትንሽ ከፍ ይላሉ አልኩ። እሷ ሮዛሊያን አላየቻትም።

በየቦታው ሁለት ሁለት፣ አራት ጉድጓድ ቆፈርን። በመጀመሪያው ምንም የለም፤ ሥር ብቻ። በሁለተኛው ትልቅ ሰው አገኘን፤ የብረት የልብስ ቁልፎች ነበሩት። እንደነበረ ከደንነው። ሦስተኛው ውሃ ሞላው። በአራተኛው ትንሽ ሰው አገኘን።

ወርጄ በእጄ ፈለግኩ። ቆዳ ካለ፣ የጫማ ሚስማር ካለ፣ ቀለበት የመሰለ የክር ቀዳዳ ካለ ብዬ። የቀረው አጥንት ጥቂት ነው፤ ጫማ አልነበረም። እግሯ ጋ ያለውን አፈር በወንፊት አስነፋሁት። ምንም። ጫማ በሠላሳ ሁለት ዓመት በእንደዚህ ያለ አፈር ውስጥ ይጠፋ እንደሆነ ኪርያኮስን ጠየቅኩት። «እኔ አናጢ ነኝ፣ አባባ» አለኝ።

የትራክተሮቹ አለቃ ከላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰዓቱ ነው ያሳሰበው። «ሽማግሌው፣ ሳጥኑን ይዘሃል፣ ሕፃን አግኝተሃል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ክተታትና ጻፍላቸው። ማን ያውቃል?» አለ።

ለአፍታ ያህል ልቤ እሺ አለ። ይህንንም ልደብቅዎ አልችልም። ሳጥኑ ተከፍቶ ነበር፤ ኪርያኮስ የሠራው፣ ጥሩ የጥድ ሳጥን። እርስዎም ያርፉ ነበር። ነገር ግን ያቺ ሕፃን የሌላ እናት ከሆነች፣ አንድ ቀን ደግሞ ያቺ እናት ደብዳቤ ትጽፍ ይሆናል፤ የሚመልስላትም ሰው ስለ ፒር ይጽፍላት ይሆናል። «እኔ አላውቅም» አልኩት አለቃውን። «አለማወቄን ነው የምጽፈው።» ኪርያኮስ እጄን ይዞ አወጣኝ። አፈሩን መለስን። ሚስቱ በቋንቋዋ የሆነ ነገር አንብባላታለች፤ የሙታን ጸሎት መሆኑ ነው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትራክተሩ ገባ። ሊያዩ የመጡት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እዚያ የሚያውቁት የተቀበረ ሰው የለም። ሁለት አሮጊቶች አማተቡ። ከተራራው ከመጡት አንዱ ቆቡን አውልቆ ቆየ። ሌላው ወደ ሥራው ሄደ። ትራክተሩ ከበሩ በኩል ጀምሮ ወደ ወንዙ ደለደለ፤ ከምሳ በፊት አለቀ።

እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ ነበር። እሷ ስትታረስ አንድ ሰው እያያት እንዲሆን ፈልጌ ነው። የትኛውን ቦታ ማየት እንዳለብኝ ግን አላወቅኩም።

ቴዎፊል ኩሊክ